ያለ ወፍጮው ምት

ሰቆጣ

ውድ ሩሐማ፣

ስልክ ላይ ማውራት እንደማልወድ ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ ጻፍኩልሽ። ተቀምጠሽ አንብቢው።

ትልቁ የሙዚቃ ኩባንያ አንቺንና ባንድሽን ሊያስፈርም አዲስ አበባ ጠርቷችሁ፣ ጸጥ ያለው ስቱዲዮ ስትገቡ ምቱ እንደጠፋባችሁ ነገርሽኝ። አልገረመኝም። ሰው እንዳይሰማችሁ ስትሉ ከወፍጮ ቤቴ ጀርባ ባለው መጋዘን የምትለማመዱት እህል ሲፈጭ ብቻ ነበር። አባትሽ ቄስ ነው፤ ፓንክ የምትሉትን የፈረንጅ ጊታር ጩኸት ቢሰማ ምን እንደሚል እናውቃለን። አሁን ሰምቷል። እስከ ዛሬ አያናግረኝም፤ ይልመደው። ከበሮ መቺያችሁ ደሞዝም ምቱን ራሱ ይዞ አያውቅም፤ ሞተሩ ነበር የሚይዝለት።

አሁን የሞተሩን ድምፅ ቀድቼ እንድልክልሽ ትለምኚኛለሽ። ሁለተኛው ሙከራ ካልተሳካም ተመልሰን እዚያው መጋዘን እንጫወታለን ትያለሽ።

አልቀዳም።

ቅዳሜ ነዳጅ አልቆ ወፍጮው ቆሞ፣ አስፈጪው ተሰልፎ ሲጠብቅ ወንዳወቅ መጣ። በመጋዘኑ ስንጥቅ ጆሮውን ለጥፎ ሲያዳምጣችሁ የኖረው እሱ ነው። «ሸጡን፣ አያ ቢሆነኝ» አለኝ። ለትልቅ ኩባንያ መፈረም ለእሱ ክህደት ነው።

«ድምፃቸው በሬ ነው እንዴ፣ አንተ በረት ታስሮ የሚያድረው?» አልኩት።

ሰልፈኛው ሳቀበት። እሱ ግን ጆንያው ላይ ተቀመጠና ያንን በአገራችን ቋንቋ፣ በኽምጥኛ የምትዘፍኑትን ማንጎራጎር ጀመረ፤ በዱላው መሬቱን እየመታ። ሴቶቹ በጭብጨባ ተቀበሉት። ሞተር የለ፣ ምን የለ። ምቱ አንድም ጊዜ አልተሳሳተም።

ወንዳወቅ በስንጥቅ የሰማውን ከያዘ፣ ደሞዝ የራሱን እንዴት ያጣል? እግሩን መሬት ላይ እየመታ ይጀምር በይው። ያንን ሞተር እኔም ማንም ሳያሳየኝ እየፈታሁ እየገጠምኩ ነው የተማርኩት።

ጩኸታችሁን እስካሁን አልወደድኩትም። አንቺ ግን ስትዘፍኚ አትዋሺም፤ በሩን የከፈትኩላችሁ ለዚያ ነው። ኽምጥኛውን ተዉ ካሏችሁ አትፈርሙ። ሌላው ይደረስበታል።

ስለ መመለስ ላልሽው፣ መጋዘኑን እስከ ጣሪያው ማሽላ ሞልቼበታለሁ። ከበሮ ቀርቶ ድመት አትዞርበትም። ልትጠይቁን ስትመጡ ቤቴ ክፍት ነው፤ መደበቂያ ግን የለኝም።

ከቃሉ የማይመለሰው አያትሽ፣
ቢሆነኝ