ለቪዲዮ ቤታችን ኃላፊ፦ ስም ስላልተሰጣት ሟች

ለክቡር አቶ ደመላሽ
የሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ኃላፊ
ደብረ ማርቆስ

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ጄኔሬተርዎና ድምፅ ማጉያዎ ሁሉም ደህና ናቸው ወይ? እኔ ባለፈው እሑድ ከአዳራሽዎ ተገፍቼ ከመውጣቴ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ እንዲያውም እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ውለታዎ ብዙ ስለሆነ እንዳይምታታብኝ በተራ ቁጥር አስቀምጠዋለሁ።

1ኛ. በትምህርት ቤት ስለ አውስትራሊያ የተማርነው ሱፍና ካንጋሮ ብቻ ስለነበር፣ «እውነተኛ ታሪክ፣ ታላቅ ፍቅር» ብለው በር ላይ የለጠፉለትን ፊልም ስላሳዩን እናመሰግናለን። አቦርጂኖች የሚባሉት የአገሩ ነባር ሰዎች ለካ ከነጮቹ በፊት እዚያ የኖሩት ፈረስ ለመያዝ፣ በር ለመክፈትና ባለ ባርኔጣዋ እመቤት ስትሳም ከሩቅ ቆመው ለማየት ኖሯል።

2ኛ. መንግሥት የአንዲትን አቦርጂን እናት ልጅ ከጉያዋ ነጥቆ በመኪና ሲወስድባት፣ እርሷም መኪናውን ስትከተል ወድቃ ስትሞት፣ ይህ ሁሉ ሻይ እስኪቀዘቅዝ እንኳ አልፈጀም፤ መሳሳሙ ግን እግራችን እስኪደነዝዝ ቆየ። ሬሳዋ ሳይነሣም የዳንስ ግብዣው ተጀመረ። ታሪክ እንዲህ ሲያጥር ለመያዝ ስለሚቀል ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው።

3ኛ. እትዬ ሥራነሽ፣ እንደሚያውቁት፣ የዕድራችን አልቃሽ ናቸው፤ የሟችን ስም ሳይጠሩ ደግሞ ግጥም አይጀምሩም። ተነሥተው ስሟን ቢጠይቁዎ፣ ፊልሙን እየተረጎሙልን የነበሩት እርስዎ፣ «ስም የላትም እትዬ፣ ወጥ ቤት ሠራተኛዋ ናት፤ ይቀመጡ» አሏቸው። ያኔ አሥራ አንድ ሴቶች ነጠላችንን አዘቅዝቀን ቆመን አለቀስንላት። እዚያ ማዶ ይጨፈራል፣ እኛ ከፊቱ ደረት እንመታለን፤ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ሲኒማ አይቼ አላውቅም። እርስዎ ግን ጄኔሬተሩን አጥፍተው አስወጡን፤ በማግስቱም «ለቀስተኛ መግባት ክልክል ነው» ብለው ለጠፉ።

ክቡር ሆይ፣ የሟቿ ልጅ ወደ ዘመዶቹ መመለስ አለመመለሱ የሚታየው በሁለተኛው ሲዲ ነው። እትዬ ሥራነሽ የበኩር ልጃቸው በደርግ ጊዜ በአፈሳ መኪና ተጭኖ እንደወጣ የቀረባቸው እናት ናቸውና፣ ከእሑድ ወዲህ ጠዋትም ማታም የሚጠይቁኝ ይህንኑ ብቻ ነው። ስለዚህ በመጪው እሑድ እንዲያስገቡን በትሕትና እለምናለሁ፤ እንደማናለቅስ ግን ቃል አልገባም።

ለሟቿ ስም ፈልገው እስኪያገኙላት ድረስ ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ እያልኩ፣ በሩን ሲዘጉ ጣቴን ስላተረፉልኝም ከልብ በማመስገን፣

አክባሪዎ
አይናዲስ ወልደ ሩፋኤል
ጥር 2002 ዓ.ም.

ሳልረሳው፦ በሩ ካልተከፈተልን እሑድ የለቅሶውን ድንኳን የምንተክለው ከአዳራሽዎ ደጃፍ ላይ ነው፤ የዕድሩ ዳኛም ፈቅደዋል። ለቅሶ እያለፈ ፊልም የሚገባ ሰው በዚህ ከተማ እንደሌለ እርስዎም ያውቃሉ። እትዬ ሥራነሽ ያለ ስም ስለማያለቅሱ፣ የሟቿ እስኪገኝ ድረስ ለጊዜው የእርስዎን ስም ይጠቀማሉ።