ለአካባቢ ጥበቃ ቀን ስለተቃጠለው ቦርሳ

ለተከበሩ መምህር ሽሻይ
የልጄ የረምላ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። በአካባቢ ጥበቃ ቀን ከእንግዶቹ ጋር ፀሐይ ላይ ብዙ ስለቆሙ፣ የቃጠሎው ጭስም ወደ እርስዎ በኩል ይነፍስ ስለነበር፣ ሳል እንዳይዝዎ ሰግቻለሁ። ትግርኛ ሱቄ ውስጥ ስናገር ብውልም መጻፉን ስለማልደፍር በአማርኛ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤውን ሁሉም የሚያነበው ግልጽ ደብዳቤ ያደረግሁትም ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ነዎት ስለተባልኩ ነው። እንዲህ ለእኛ የሚደክም ሰው ማግኘታችን ያኮራናል።

አንደኛ፣ ስለ ንግግርዎ አመሰግናለሁ። ቤተሰብ ሁሉ ቀለል አድርጎ መኖርን፣ አሮጌውንም መልሶ መጠቀምን ልጆቹን ያስተምር ብለው በድምፅ ማጉያ ሲናገሩ፣ ከወላጆች መካከል ቆሜ አጨብጭቤያለሁ። ሟቹ ባለቤቴ ጃፋር ልብስ ሰፊ ነበርና ይህንን ማንም ሳያስተምረው ይኖረው ነበር። ከስፌት መኪናው ሥር የወደቀው ቁራጭ ትራስ ይሆናል፤ ልብስ ያጠብንበት ውኃ በተቀደደ ጀሪካን ለተከልነው ጎመን ይሄዳል። ጎረቤቶቻችን የእናንተ ቤት የቆሻሻ ቅርጫት ዓመቱን ሙሉ ይጾማል እያሉ ይስቁብን ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ጽዳቱ። ጃፋር ከወሎ ለብሶት የመጣው ካፖርት ክርኑ ላይ ሲያልቅ፣ ፈትቶ ለረምላ የትምህርት ቤት ቦርሳ ሰፋላት፤ የካፖርቱን የናስ አዝራርም መዝጊያ አደረገላት። ያኔ በጦርነቱ ምክንያት ትምህርት ቤት ሁሉ ተዘግቶ ነበር። ሲከፈት ትይዘዋለች ይለኝ ነበር። የስኳር መድኃኒቱ ከከተማው ጠፋና፣ ትምህርት ቤቱ ሳይከፈት እሱ ሄደ። ረምላ ቦርሳውን ይዛ በመጀመሪያው ቀን ስትወጣ በሩን ተደግፌ አለቀስኩ። ይህንን እርስዎ ከየት ያውቁታል? እንግዶች ሳይደርሱ አሮጌ ነገር ሁሉ ከግቢው ይጥፋ ብለው ማዘዝዎ ስለዚህ አይገርመኝም። ልጆቹ ችግኝ ሲተክሉ፣ ዘበኛው አቦይ ገብረአምላክ ረምላ ከክፍሏ መስኮት ሥር ያስቀመጠችውን ቦርሳ አንስተው ከወረቀቱና ከፌስታሉ ጋር እሳት ውስጥ ጨመሩት። የማን እንደሆነ ሲሰሙ ግን እንደ ራሳቸው ልጅ አልቅሰው፣ አመዱን በእንጨት እየጫሩ ከረምላ ጋር ፈልገዋል። አላህ ይስጣቸው።

ሦስተኛውንም እንደ ሌሎቹ በወግ በወጉ ልጽፈው ፈልጌ አቃተኝ። ልጄ እንደዚያ አመድ ለብሳ መጥታ፣ «እማ፣ አባ የሰፋው ቆሻሻ ነበር?» አለችኝ። መምህር፣ ፊቷን አጠብኩላት። አሁን የተጣፈ ልብሷን ከጓደኞቿ ትደብቃለች፤ ጎመኑንም ማጠጣት ትታለች። አባቷ የተወላት ኑሮ ያሳፍራት ጀምሯል፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ቦርሳውማ እሺ፣ ተቃጥሏል። የምለምንዎት በሰልፍ ላይ፣ በዚያው ድምፅ ማጉያ፣ ቆሻሻ እንዳልነበረ እንዲነግሩልኝ ብቻ ነው።

ለስብሰባ የሚያስፈልግዎትን ጊዜ ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ጤና፣ ዕድሜና ሁልጊዜም የጸዳ ግቢ እመኝልዎታለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
የረምላ እናት፣ የልብስ ሰፊው የጃፋር ሚስት
ዙሀራ
ዓዲ ሓቂ፣ መቐለ

ማስታወሻ፦ በምትኩ ስለሰጧት፣ አረንጓዴ ቅጠልና «ምድራችንን እንጠብቅ» የሚል ጽሑፍ ስለታተመበት የላስቲክ ቦርሳ ማመስገኑን ረስቼ ነበር። ዚፑ በሳምንቱ ተበላሽቷል። መጣል ስለማናውቅበት አልጣልነውም። ረምላ ከአመድዎ ያወጣችውን የአባቷን አዝራር እንድሰፋላት ጠየቀችኝ፤ ሰው እንዳያየው ግን ከውስጥ በኩል ይሁን አለችኝ። ከውስጥ በኩል ሰፋሁላት። ለመጪው ዓመት እንግዶች ሲጠሩ አስቀድመው ያሳውቁኝ፤ አዝራሩን ቆርጬ ቤት አስቀርና ቦርሳውን ለእሳቱ እልክልዎታለሁ።