ለሞክሼዬ አቂቃ ስመጣ

ውድ እህቴ ዊዳድ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። ይህን የምጽፍልሽ ሟች እህትሽ ሙጂባ ነኝ። አትደንግጪ፤ አፈሩ አልከበደኝም፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። አሁንም እዚያው አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ የሹፌሮቹ ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጥፋለሁ። ስልክሽ ለእኔ ስለማይነሳ ደብዳቤውን ሹፌሩ ጀማሉዲን በእጅሽ ይሰጥሻል።

መርዶዬን ያረዳችኝ ኸሊዳ ናት፣ ሰመራ ቢሮ አብራሽ የምትሠራዋ። አዲስ አበባ አማቶችሽ ቤት አራስ ጠይቃሽ ወደ ሰመራ ስትመለስ አውቶቡሷ እዚህ ለምሳ ቆመ። አንድ ጊዜ ሰመራ ልጠይቅሽ ስመጣ አይታኛለችና፣ አንሶላ ታቅፌ ስወጣ «አዑዙ ቢላህ!» ብላ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። የታመመች መስሎኝ ውሃ ይዤ ስጠጋት ይብስ ትሸሸኛለች። በኋላ ቀልቧ ሲመለስ ሁሉንም ነገረችኝ። ከኒካሁ በፊት የባልሽ ቤተሰቦች «እህትሽን እንያት እንጂ» ሲሉሽ ሞታለች ብለሻቸዋል። ቢሮ ውስጥ ተለቅሶልኛል። ፍየል ታርዶ ሶደቃ ወጥቶልኛል። የገዛ ሶደቃዬን ሳልቀምስ ቀረሁ እኮ፣ ዊዳድ።

«በምን ሞትኩ?» አልኳት። «በወባ» አለችኝ። ምነው፣ ሌላ በሽታ ጠፋ? እናታችን ካረፈች ወዲያ ወባ ሲያንቀጠቅጥሽ፣ እርጥብ ጨርቅ ግንባርሽ ላይ ስትቀያይር የምታድረው ማን ነበረች?

ለምን እንደገደልሽኝ ግን አልጠየቅኳትም፤ አውቀዋለሁ። የሹፌር ሆቴል አልጋ አንጣፊ እንደ አማቶችሽ ላሉ የዲን ሰዎች ዘመድ አትሆንም። ሰው የሚያወራውን ሰምተሻል። እኔ አልጋ አንጥፌ እንጂ አልጋ ላይ ተጋድሜ አላሳደግኩሽም፤ ይህንን ደግሞ ከአላህ ቀጥሎ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ደብተርሽም ሂጃብሽም፣ ሰመራ ዩኒቨርሲቲ የገባሽበት ሻንጣም ከዚያ አንሶላ ነው የወጣው። ሰው ቢያማኝ ግድ አልነበረኝም። አንቺ ግን ከሐሜተኞቹም ብሰሽ አፈር አለበስሽኝ።

ከሁሉ የባሰው የልጅሽ ስም ነው። ኸሊዳ እያለቀሰች «ልጇ እኮ ባንቺ ስም ነው የተጠራችው፤ አማቷ ናቸው ‹የሟች እህቷ ስም አይጥፋ› ያሉት» አለችኝ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ አልዋሽሽም። ወዲያው ግን ደሜ ፈላ። ቆሜ እየሄድኩ ስሜን ወረሳችሁኝ! ኸሊዳን ለምኜ የአማትሽን ስልክ ተቀበልኩ። ላጋልጥሽ ብዬ ነው የደወልኩት።

«ማን ልበል?» አሉኝ።

«ሙጂባ እባላለሁ፣ የዊዳድ የአዋሽ ሰው ነኝ።»

«ውይ ልጄ! የልጃችን ሞክሼ ነሽ በያ። የዚያች የምስኪኗ እህቷም ሞክሼ። ሟቿን ታውቂያት ነበር?»

«አብረን ነው ያደግነው» አልኩ።

«በይ እንግዲያው የፊታችን ጁምዓ ለልጅቱ አቂቃ በግ እናርዳለን፤ መጥተሽ ለሞክሼሽ ዱዓ አድርጊላት። ቤታችን ቤተል፣ ከመስጊዱ ጀርባ ነው። ብትቀሪ እቀየምሻለሁ።»

ተጋበዝኩልሽ። አፌ ላይ የመጣውን ዋጥኩት። እንዲህ ያሉትን ደግ ሴት በስልክ አያስደነግጧቸውም። ደግሞም በስልክ ብናገር አንቺ «ውሸቷን ነው» ብለሽ ትገላገያለሽ። ፊታችንን ግን የት ታደርጊዋለሽ? ሁለታችንም ቁርጥ እናታችንን ነን።

አዲስ አበባን አላውቃትም። ዕድሜዬን ሙሉ ወደ እሷ ለሚያልፍ ሰው አልጋ አነጠፍኩ እንጂ አንድ ቀን ረግጫት አላውቅም። «ትንሽ ልረጋጋና እወስድሻለሁ» ስትይኝ አምኜሽ ስጠብቅ ነበር። አሁን አስተማሪዬ ጀማሉዲን ሆኗል። «ቃሊቲ ስትወርጂ ቦርሳሽን ከፊትሽ ያዢ፤ ‹ላግዝሽ› የሚልሽን እሺ አትበይ፤ መንገድ የምትጠይቂው ሱቅ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ይሁን» ይለኛል። «ብርድ ነው፣ ጋቢ ያዢ» ሲለኝ «የሞተ ሰው አይበርደውም» ብዬው ግራ ገባው። ለአንቺ ለአራሷ የአሳይታ ተምር አዝዣለሁ። ልብሴንም አስቤበታለሁ። ነጭ አልለብስም፤ ከፈን መስሎሽ ደንግጠሽ ጡትሽ ቢደርቅ የምትራበው ሞክሼዬ ናት። ቀዩን ድሪያዬን እለብሳለሁ።

እንግዲህ ስሚኝ። ጮኼ አላዋርድሽም። የምትቀጪበትን መንገድ ሁሉ ሳስብልሽ ከርሜ፣ አሁን ከምነግርሽ የሚብስ አላገኘሁልሽም። አማትሽ እንግዳቸው ነኝና ካንቺ አጠገብ ያስቀምጡኛል። ሴቶቹ አንዴ አንቺን፣ አንዴ እኔን ማየታቸው አይቀርም። «ይቺ ደግሞ ማን ናት?» ብለው ይጠይቁሻል። እኔ አፌን አልከፍትም። ልጅሽን ታቅፌ መልስሽን እጠብቃለሁ።

«እህቴ ናት» ካልሽ፣ ይቅር እልሻለሁ ብዬ ቃል አልገባም፤ ውርደቱን ግን አብሬሽ እሸከማለሁ። «አላውቃትም» ካልሽ ሞክሼዬን ግንባሯን ስሜ፣ እጅሽ ላይ አስቀምጬልሽ እወጣለሁ። ዳግም አትሰሚኝም። ከዚያ በኋላ ግን ልጅሽን በተጣራሽ ቁጥር እኔን እየጠራሽ ትኖሪያለሽ።

ታላቅ እህትሽ፣
ሙጂባ
አዋሽ ሰባት ኪሎ