ሹክ የሚለው ልጅ

የምወድሽ እናቴ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ታቃስቻለሽ ወይስ ለቀቀሽ? አባዬስ፣ ሳሉ ተሻለው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ የሚያመኝ ናፍቆታችሁ ብቻ ነው።

ሥራ የገባሁበት ቤት ንግግር የዘገየባቸው ልጆች የሚማሩበት እንደሆነ ነግሬሻለሁ። የእኔ ድርሻ አንድ የአምስት ዓመት ልጅ ነው። መጀመሪያ ሲመጣ የፈለገውን ሁሉ የሚጠይቀው በጩኸት ስለነበር ሠራተኛው «ሳይረን» ይለዋል። ሳይጮህ በቃል ከጠየቀ ግን የፈለገውን ወዲያው እሰጠውና አሞግሰዋለሁ። ይህን ያስተማሩኝ አለቃዬ ናቸው፤ ትልቅ ሴት ናቸው። መጀመሪያ ራሳቸው ሠርተው አሳዩኝ፤ ከዚያ እኔ ስሠራ አጠገቤ ቁጭ ብለው ያያሉ። «ጎበዝ ብቻ አትበይው፤ ምን በማድረጉ እንደጎበዘ ንገሪው፤ ነገሩ ሳይቀዘቅዝ» ይሉኛል።

አንቺ እንደምታውቂኝ ግን ሰው እያየኝ ድምፄ ከጉሮሮዬ አይወጣም። «ውሃ ብለህ ጠየቅህ፣ ጎበዝ» የምለው ለራሴ እንኳ ሳይሰማኝ ነው። ልጅ ደግሞ የሰማውን ነው የሚማረው። ትንሽ ቆይቶ እናቱ መጥታ፣ «ጩኸቱንስ ተገላገልን፤ አሁን ግን ውሃ ሲል ጆሮዬን አፉ ላይ ካልለጠፍኩ አይሰማኝም። ልጅ ብሰጣችሁ ሰላይ አድርጋችሁ መለሳችሁልኝ» አለች። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። እኔ ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ነበርና ድምፄ ካልተስተካከለ ወደ ልብስ ማጠቢያ ክፍል እንደምዛወር ተነገረኝ። ማሽኑስ ባያሞግሱትም ያጥባል፤ ያስለቀሰኝ ልጁን ትቼ መሄዱ ነው።

አለቃዬ አንድም ቀን አልተቆጡኝም። ብቻ ወንበራቸውን ያርቁ ጀመር። ከአጠገቤ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ በሩ ሄዱ። ጠረኔ አስቸግሯቸው ይሆን ብዬ ሹራቤን ደጋግሜ አጠብኩት። ባለፈው ሐሙስ ጭራሽ ከበሩ ውጭ፣ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አሉ። ያኔ ሆድ ባሰኝ። ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ አንቱታውንም ረስቼ «ምን አድርጌሽ ነው የምትሸሺኝ?» ብዬ ጮህኩ።

እሳቸው አንገታቸውን በበሩ ብቅ አድርገው፣ «አንቱታው ቢቀርም፣ የከፋሽን ነገር ኮሪደር ድረስ በሚሰማ ድምፅ ጠየቅሽ፤ ጎበዝ» አሉኝ። ለካ እኔ ልጁን ሳስተምር እሳቸው እኔን ያስተምሩኝ ኖሯል፤ ወንበሩን የሚያርቁት ድምፄ እንዲከተላቸው ነው። ልናደድ ስል ልጁ ወደ በሩ ዞሮ «ምን አድርጌሽ ነው» ብሎ አምባረቀባቸው። ከአንድ ቃል በላይ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር። እሳቸው እየሳቁ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ እኔም እንደዚያው።

ልብስ ማጠቢያው ቀርቶልኛል። የልጁ እናት ትናንት መጥታ፣ «አሁን ደግሞ ውሃ ሲጠማው ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል» ብላለች።

የአያቴን ጉልበት ሳሚልኝ። ታናሽ እህቴ አልጋዬ ላይ መተኛት መጀመሯን ሰምቻለሁ፤ ይመቻት። አባዬን ደግሞ፣ ስደውል «ድምጿ አይሰማኝም» እያለ ስልኩን ለአንቺ ማቀበሉን ይተው በይልኝ። እሑድ እሱ ራሱ ያንሳው፤ ለእሱ የምነግረው አለኝ።

ልጅሽ
ከማደሪያ ክፍሌ፣ ኅዳር ፱ ቀን