መዳፍዎ እንዳይነካው ስለተዘጋው የአርባ ሁለት ሰው ታችፓድ

ለተከበሩ የመሥሪያ ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ በተለይም ለቀኝ መዳፍዎ፣ ደኅንነትን እመኛለሁ፤ መዳፍዎን ለምን ለይቼ እንዳነሳሁ ወደ ታች ሲያነቡ ይገባዎታል። እኔ ከቢሮዎ አንድ በር አለፍ ብሎ ያለው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ኮሪደር ላይ ሰላም ስልዎት ስልክዎን የሚያዩብኝ ሴትዮ ማለት ነው።

ከአምስት ወር በፊት የሁላችንንም ላፕቶፕ ሰብስበው ሊኑክስ የሚባለውን ሥርዓት ስለጫኑልን እግዜር ይስጥልኝ። ጣታችንን እያንሸራተትን ቀስቱን የምናንቀሳቅስበት ታችፓድ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ድርቅ ብሎ ቀርቷል። ስለዚህ የሚከተለውን አቤቱታ በትሕትና አቀርባለሁ፦

፩. ችግሩን ባመለከትኩ ጊዜ፣ ታችፓድ የሰነፍ ዕቃ እንደሆነና ባለሙያ በኪቦርድ ብቻ እንደሚሠራ በባልደረቦቼ ፊት ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ስይዝ ሰነፍ መሆኔን የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ዕድሜ ለእርስዎ።

፪. ከቤት ማውስ ማምጣት ክልክል መሆኑን በር ላይ ለጥፈዋል። የመሥሪያ ቤቱ ማውስ ደግሞ የሚሰጠው ኮምፒውተር ላይ ቅጽ ሞልቶ «ላክ» የሚለውን ለተጫነ ብቻ ነው፤ «ላክ»ን ለመጫን ማውስ ያስፈልጋል። ይህን ያሰበ ጭንቅላት እንዴት ያለ ጭንቅላት ነው!

፫. እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። ባለቤቴ ሌላ ከተማ የሚያስተምር መምህር ነው፤ ስድስት ዓመት ተለያይተን ስንኖር ትንሿ ልጃችን አባቷን የለመደችው በስልክ ነው። ወደ እሱ ከተማ የምዛወርበት ማመልከቻ በዓመት አንዴ፣ ለሦስት ቀን፣ ያውም በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ብቻ ይከፈታል። ሁሉንም ሞላሁ፤ «እስማማለሁ» የምትለዋን ሣጥን ግን ኪቦርዱ እየዘለላት አለፈ። የሁላችንም ስለደረቀ የምለምነው ባልደረባ እንኳ አልነበረኝም። ሦስቱንም ቀን በርዎ ላይ ቆሜ ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልኩ፤ ከውስጥ ብቻዎን በስልክ ሲስቁ ይሰማኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ማመልከቻው ተዘጋ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ባለፈው እሑድ ላፕቶፑን ይዤ ጎረቤቴ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሬዲዮ ሲጠግኑ ኖረው አሁን በጡረታቸው ከዚሁ ሊኑክስ ጋር የሚውሉ ሰው ናቸው። ፓስወርዱን እርስዎ ራስዎ ከላፕቶፑ ሥር ለጥፈውት ስለነበር አልተቸገርንም። በሩብ ሰዓት ውስጥ ከማስተካከያ ፋይሎቹ በአንዱ ታችፓዱን የሚዘጋ አንድ መስመር አገኙ፤ ከጎኑም «ስጽፍ መዳፌ እየነካው ስላስቸገረኝ ዘግቼዋለሁ» ተብሎ፣ ከነስምዎ ከነቀኑ ተጽፏል። ለካ የራስዎን ላፕቶፕ ለራስዎ አመቻችተው፣ እንዳለ ገልብጠው ለአርባ ሁለታችን አድለውን ኖሯል! ጋሼም እኚህ ሰው ጫማ ሲጠባቸው የሰፈሩን ሰው ሁሉ ባዶ እግሩን ያስኬዳሉ እንዴ ብለው ጠየቁኝ። መስመሩን ሲያጠፉት ቀስቱ ተንቀሳቀሰ።

መዳፍዎ ላረፈበት ሁሉ ርኅራኄን እየለመንኩ፣ ለዕውቀትዎ የሚገባውን ያህል አክብሮት፣ ማለትም ይህችን አንዲት መስመር፣ አቀርባለሁ።

የመዝገብ ቤቷ ሰነፍ

ግልባጭ፦ ታችፓዳቸው ለደረቀ ለአርባ አንዱ ባልደረቦቼ

ማስታወሻ፦ ማመልከቻው ስለተዘጋብኝ ይግባኝ ብያለሁ፤ ይግባኝ ሰሚው ኮሚቴ የኮምፒውተር ክፍሉን የጽሑፍ ማብራሪያ አምጪ ቢለኝ እርስዎን አላስቸገርኩም፤ የመዳፍዎን መስመር አትሜ አያያዝኩት። ውሳኔው ማክሰኞ ይሰማል። ከፈቀዱልኝ ወደ ባለቤቴ እሄዳለሁ፤ ካልፈቀዱልኝ ግን፣ ክቡር ሆይ፣ ሙሉ አንድ ዓመት ከእርስዎ አንድ በር አለፍ ብዬ፣ የሚሠራ ታችፓድ ይዤ እቀመጣለሁ፤ ለመጻፍ ደግሞ ጊዜ ሞልቶኛል።