ስለ ስድስቱ የገመድ ማሰሪያ ቀለበቶች

ለተሽከርካሪ ሽያጭ ድርጅቱ
የተጨማሪ ዕቃዎች ምርጫ ክፍል የተከበሩ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የምርጫ ቅጹ ገጽ አራት፣ ተራ ቁጥር ስልሳ አንድ

የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በማሳያ አዳራሽዎ በሚያብረቀርቀው ወለል ላይ ተወልውለው ለቆሙት መኪኖች ሁሉ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ቀኝ ትከሻዬን ጥቂት ያመኛል፤ ሕመሙ በር ከአስፋልት ላይ በማንሣት የመጣ ስለሆነ ከዚህ በታች በተራው ይጠቀሳል።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ እኔ ከታላቅ እኅቴ ጋር በር፣ መስኮትና ቁም ሣጥን የምሠራ የሃምሳ ሁለት ዓመት አናጢ ነኝ። እኅቴን የሰፈሩ ሰው «ውሃ ልክ» ይላታል፤ የተጣመመ መደርደሪያ ያለበት ቤት ገብታ ተረጋግታ መቀመጥ ስለማትችል ነው። እኔ እስከ ባለፈው ሐሙስ ድረስ ቅጽል ስም አልነበረኝም። አሁን አለኝ፤ በደብዳቤው ግርጌ ተፈርሞበታል።

ለዓመታት ዕቃችንን የምናደርሰው በኪራይ መኪና ነበር። በዚህ ዓመት ግን ጤና ጣቢያው ለአዲሱ የማዋለጃ ክፍል ዐሥራ ሁለት በሮች ሲያዘን፣ እኅቴ የራሳችን ፒካፕ ይኑረን አለች፤ እሷ ጣውላ እየቆረጠች ስለነበረ መርጬ እንዳዝ እኔን ላከችኝ። በእኛ ቤት ትእዛዝ የሚጻፈው በቁራጭ ጣውላ ላይ፣ በአናጢ እርሳስ ነው። ወረቀት ሰጋቱራ ውስጥ ይጠፋል፤ ጣውላ አይጠፋም። እኅቴ መዳፍ በምታህል ቁራጭ ላይ ሦስት ነገር ጻፈችልኝ፦ «ነጠላ ጋቢና። ረጅም ካሶኒ። የገመድ ቀለበት።»

ይህን ጣውላ በኮቴ ኪስ ይዤ ወደ አዳራሽዎ ገባሁ። ወለሉ ፊት ያሳያል። ትሑቷ የሽያጭ ሠራተኛዎ ቀዝቃዛ ውሃ አቀረበችልኝና ሥራዬን ጠየቀችኝ፤ እኔም፣ ጥፍሬ ውስጥ ኮላ እያለ፣ «የበርና መስኮት ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ነኝ» ብዬ መለስኩ። እሷም ይህን አምና ለእርስዎ አዲስ ቢሮ አንድ በር እዚያው አዘዘችን፤ ስለዚህም ክብር አመሰግናለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ከሥራ አስኪያጅ ኪስ ጣውላ ማውጣት የማይሆን ሆነ። በኪሴ ውስጥ በጣቴ እየዳሰስኩት፣ ዋጋ ያለውን ሁሉ ከቅጹ ላይ መረጥኩ።

ስለ ምርጫዎቼ ያለኝን ምስጋና እንደሚከተለው በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ) ስለ ጋቢናው። ሠራተኛዎ ቤተሰብ እንዳለኝ በአክብሮት ስትጠይቀኝ አለኝ አልኩ፣ ባለ አምስት ሰው ጋቢናም ተመረጠልኝ። ቤተሰቤ እኅቴ ናት። እሷ ከኋላ ከተቀመጠች ያቅለሸልሻታል። ስለዚህ ሦስቱ የኋላ መቀመጫዎች እስከ ዛሬ ኮቴን ብቻ ያመላልሳሉ። ለጋቢናው የተጨመረው ርዝመት ከካሶኒው የተቀነሰ በመሆኑ፣ ሁለት ሜትር ከዐሥር የሆነው በራችን የኋላ መዝጊያው ተከፍቶም ወደ ውጭ ያሾልቃል። ለሠላሳ ዓመት ሳልለካ ምንጣፍ እንኳ ያልገዛሁ ሰው ነኝ፤ ያን ቀንም ሜትሬ ቀበቶዬ ላይ ነበር። አውጥቼዋለሁም። የለካሁበት ግን ከመሪው አጠገብ ያለውን ስክሪን ነው። ስክሪኑ በጣም ሰፊ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ።

2ኛ) ስለ አየር መሳቢያው ቱቦ። በመጽሔታችሁ ላይ ያለው መኪና እስከ መስኮቱ ድረስ ወንዝ ውስጥ ገብቶ፣ በጣሪያው አጠገብ በወጣው ጥቁር ቱቦ አየር እየሳበ ሲሻገር ባየሁ ጊዜ፣ ይህ ቱቦ ሳይኖረኝ እስከ ዛሬ እንዴት በሕይወት እንደቆየሁ ገርሞኝ ነበር። ከሥራ ቦታችን እስከ ጤና ጣቢያው ባለው መንገድ ላይ ያለው ጥልቁ ውሃ መኪና አጣቢዎቹ በር ላይ የሚያቁረው ኩሬ ነው። ጫማ አያሰጥምም። ጎረቤታችን ብየዳ ሠሪው ቱቦውን ካየ ወዲህ በየጠዋቱ «ጋሼ፣ ምድጃው ዛሬ አልተለኮሰም?» እያለ በአክብሮት ይጠይቀኛል።

3ኛ) ስለ መቀመጫ ማሞቂያው። ኮላ በቆርቆሮው ውስጥ ሳይነካ በሚፈላበት ከተማ ይህን መምረጤ የእኔው ድንቁርና ነው። እኅቴ አንድ ቀን ሳታውቅ በክርኗ ነክታው ትኩሳት የያዛት መስሏት፣ ለእንቅብ የሚበቃ ሎሚ ገዝተን ወደ ቤት ተመልሰናል።

4ኛ) ከጋቢናው ጀርባ ስለቆመው ወፍራም፣ አንጸባራቂ ስፖርት ባር የተባለ ዘንግና ስለ ተራ ቁጥር ስልሳ አንድ። እነዚህ ሁለቱ አብረው ይታያሉ።

ለእውነት ልመስክርና፣ ሠራተኛዎ ጥፋት የለባትም። ቅጹ አልቆ ልፈርም ስል፣ በመጨረሻው ገጽ መጨረሻ መስመር ላይ በብዕሯ ጠቁማ፣ ካሶኒው ውስጥ ግራና ቀኝ የሚገጠሙ ስድስት የገመድ ማሰሪያ ቀለበቶች እንዳሉ፣ ክፍያ እንደሌላቸውም ነግራኛለች። በስልሳ አንድ መስመሮች ውስጥ በነጻ የሚሰጠው ይህ አንዱ ነበር። በነጻ የሚሰጥ ነገር ለእኔ ዓይነቱ ሥራ አስኪያጅ አይመጥንም ብዬ አሰብኩ፤ «እኛ ድንች አንጭንም፣ የኔ እኅት» አልኳት። ድንች የሚጭን ሰው ያን ቀን በቦታዬ ቢሆን ኖሮ ቀለበቶቹን ይመርጥ ነበር።

መኪናው ሲመጣ እኅቴ አንዴ ዞረችው። ቱቦውን አላየችም፤ ስክሪኑንም አላየችም። ቀለበት ሊኖርበት የሚገባውን የካሶኒውን ጎን በመዳፏ ዳሰሰችና «ጣውላዬስ?» አለች። ኪሴ ውስጥ እንዳለ ነገርኳት። ወደ መጋዟ ተመለሰች።

በዚህ መሀል የማዋለጃ ክፍሉ ከበሮቹ በስተቀር አልቆ ሥራ ጀምሮ ነበር። በበሮቹ ፋንታ አንሶላ ተሰቅሏል። ኮሪደሩ ወደ መድኃኒት ማደያው የሚያስኬድ በመሆኑ ሰው እዚያው ተሰልፎ ይቆማል፤ መስኮት በተከፈተ ቁጥር ደግሞ አንሶላው ይነሣል። የአዋላጆቹ ኃላፊ በየጠዋቱ ለእኅቴ ትደውል ነበር፤ አንድ ቀን «እኔ ያዘዝኩሽ በር ነው፤ ቤተ መንግሥት አይደለም እኮ!» ስትል ከስልኩ ወጥቶ እኔም ሰማሁት።

ባለፈው ሐሙስ ዐሥራ ሁለቱን በሮች ጫንን። እኅቴ ቀለበት ያለው መኪና እንከራይ ብላ ነበር። እኔ ስፖርት ባሩን በጡጫዬ መታ መታ አድርጌ ዝሆን ይይዛል አልኳትና ገመዱን እሱ ላይ ጠመጠምኩት። እሷን ሥራ ቦታ ትቼ ብቻዬን ወጣሁ። ከአደባባዩ አልፎ ያለውን ዳገት ስጀምር ከኋላዬ እንደሚሰበር ብርጭቆ ያለ ድምፅ ሰማሁ። ባለ ሙሉ ቀለም የኋላ ካሜራዎ የሚሠራው መኪናው ወደ ኋላ ሲሄድ ብቻ ስለሆነ የሆነውን አላሳየኝም። የነገረኝ የአውቶቡስ ረዳት ነው፤ አንገቱን አውጥቶ «ባለ ፒካፑ! በር! በርህን!» ብሎ ጮኸ። እኔም ወደ ስክሪኑ ተመለከትኩ። ስክሪኑ ሁሉም በሮች በሚገባ እንደተዘጉ አረጋገጠልኝ። ረዳቱን ናቅሁትና ጥቂት ነዳሁ።

ቆሜ ስወርድ ዐሥራ ሁለቱ በሮች ሦስቱንም መስመር ዘግተው አስፋልቱ ላይ ተኝተዋል። ከኋላ ከተሰለፉት አሽከርካሪዎች አንዱ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ወንድሜ፣ ቤቱስ የት ደረሰ?» ሲል ጠየቀኝ። ሌላው ደግሞ ቱቦውንና ባለ አምስት ሰው ጋቢናውን አይቶ «ፉል ኦፕሽን ነው እኮ፣ ገመድ ብቻ ነው የጎደለው!» አለ፤ ስሙ ከእኔ ቀድሞ ሰፈር ገባ። ትራፊክ ፖሊስ ደርሶ ለምን እንዳላሰርኩ ሲጠይቀኝ ማሰሬን ለማስረዳት ገመዱን ጎትቼ አሳየሁት፤ ባሩ እንደታሰረ አብሮ መጣ። በሁለት ጣቱ አነሣው። የብረት ቀለም የተቀባ ፕላስቲክ ነው። ፖሊሱ ሊቀጣኝ ደብተሩን ከፍቶ እንደነበር አይቻለሁ፤ ባሩን ካነሣ በኋላ ግን ደብተሩን አጥፎ በሮቹን አብሮኝ አነሣ። የአራቱ ማዕዘን ተሰብሯል።

5ኛ) ስለ ፈጣን መልስዎ። አርብ ዕለት ስድስቱ ቀለበቶች እንዲገጠሙልኝ ባመለከትኩ በሥራ ቀናት ሳይሆን በሰዓታት ውስጥ በፊርማዎ የደረሰኝ ደብዳቤ እጅግ ግልጽ ነበር፦ ቀለበቶቹ ከፋብሪካ ከመኪናው ጋር አብረው የሚታዘዙ በመሆናቸው ለብቻቸው አይመጡም፤ ከሌላ ቦታ ተገዝተው ካሶኒው ላይ አንድ ቀዳዳ ከተበሳ ደግሞ የመላው መኪና ዋስትና ይሰረዛል። ለእኅቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ከዚህ ላይ ስለ ራሴ የማፍርበትን ልጨምር፤ ደብዳቤዎን አንብቤ ስጨርስ ሐሳብዎን ደገፍኩ። የአምስት ዓመት ዋስትና ነው፣ ትንሽ እንታገሥ፣ መፍትሔ ይገኛል አልኩ። እኅቴ ከመላጊያዋ ቀና ሳትል «ምጥ የያዛት ሴት የአንተን ዋስትና ትጠብቅልህ?» አለችኝ።

የተሰበሩትን አራቱን በሮች እንደገና ሠርተን ስንጨርስ ማክሰኞ ሆነ። ከምሳ በኋላ እኅቴ መሰርሰሪያውን ይዛ ወጣች። እኔ ቀድሜ ሄጄ የመኪናውን ጎን ይዤ ቆሜ ነበር፤ ለምን እንደያዝኩት አላውቅም። ሜትሬን ከቀበቶዬ ፈታችና ለካች፤ በእርሳስ ምልክት አደረገች፤ በሳች። የመጀመሪያው ቀዳዳ ሲበሳ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሦስተኛው ላይ ብናኙን በብሩሽ እጠርግላት ነበር። ቀለበቶቹን ብየዳ ሠሪው ከተረፈ ብረት ሠርቶ፣ ስለ ምድጃው አንዴም ሳይጠይቅ አቀበለን።

ረቡዕ ጠዋት ዐሥራ ሁለቱም በሮች ደረሱ። እስከ ቀትር ተሰቀሉ። የመጨረሻው ሲያልቅ የአዋላጆቹ ኃላፊ አንሶላውን አጣጥፋ ክንዷ ላይ አድርጋ ገባችና በሩን ከውስጥ ዘጋችው። እኅቴና እኔ ኮሪደሩ ላይ፣ መድኃኒት በሚጠብቀው ሰልፍ መሀል፣ ብሎን መፍቻ እንደያዝን ቆምን። ከውስጥ ምንም አይሰማም። እኅቴ «ልክ ነው» አለች፤ መኪናው ዘንድ ቀድማኝ ደረሰች።

እንግዲህ የተከበሩ ኃላፊ፣ የምለምንዎ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ዋስትናችን ማክሰኞ ከምሳ በኋላ፣ በመጀመሪያው ቀዳዳ፣ በሰላም ማረፉን በመዝገብዎ ይጻፉልን። ሁለተኛ፣ ቅጹ ስልሳ አንድ ነገር ሲጠይቅ «ምን ይጭናሉ?» ብሎ አንድም ቦታ አይጠይቅምና ይህ ጥያቄ ከገጽ አንድ አናት ላይ እንዲገባ ያስቡበት። እውነቱን ለመናገር፣ ብጠየቅም ኖሮ በዚያ ወለል ላይ ቆሜ «ልዩ ልዩ» ብዬ እመልስ ነበር። ቢሆንም ይጠይቁ። ከእኔ የተሻለ ሰው ሊመጣ ይችላል።

ቱቦዬ ወንዝ እስኪያገኝ፣ ሦስቱ መቀመጫዎቼም ሰው እስኪያገኙ ድረስ በማይቀዘቅዝ አክብሮት፣ ማሞቂያውንም አጥፍቼ፣

«ፉል ኦፕሽን»
አናጢ

ግልባጭ፦
ለታላቅ እኅቴ፣ ከነጣውላዋ
ለአዋላጆቹ ኃላፊ፣ በሩን አንኳኩቶ በሚገባ ሰው በኩል
ለትራፊክ ፖሊሱ፣ ባሩን ለልጆቹ ይወስድ እንደሆነ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ለአዲሱ ቢሮዎ የታዘዘው በር ተጠናቋል። እኔ በድርጅትዎ ደንብ መሠረት ማጠፊያውን፣ ቁልፉንና እጀታውን ከምርጫዎቹ ዝርዝር መጨረሻ ላይ አድርጌ፣ ምልክት እስኪያደርጉ ድረስ በሩን ባዶውን ልልክልዎ አዘጋጅቼ ነበር። እኅቴ ዝርዝሩን አይታ «ማጠፊያ የሌለው በር ጣውላ ነው» ብላ ሦስት ማጠፊያ፣ አንድ ቁልፍና አንድ እጀታ ሳትጠይቅዎ ገጥማበታለች፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ነገ ጠዋት በስድስቱ ቀለበቶች ታስሮ ይደርስዎታል። ስለ በሩ ዋስትና ግን እሷን አላማከርኳትም፦ ከፋብሪካችን ውጭ ለኮትዎ መስቀያ አንድ ሚስማር የመቱበት ዕለት ዋስትናው፣ ከነማጠፊያው፣ ይሰረዛል።