የክንድህ ልክ

ዊስኮንሲን፣ ሐምሌ መጀመሪያ

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፤

እንዴት ሰነበትክ? ጀርባህስ? ፍራሹን እንለውጥልሃለን ያሉህ ነገር የት ደረሰ? እኛ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነን። በቆሎው ወገብ ደርሷል፤ አጋዘኖቹም እንደ ልማዳቸው አኩሪ አተሩን ከእኛ ቀድመው እየቀመሱት ነው።

ባለፈው ሳምንት ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጀምሬ ቀደድኩ። ዛሬ ሳልጨርስ አልነሳም ብዬ ተቀመጥኩ፤ ይኸው ሦስቴ ተነስቼ አይብ ቆርሼ በላሁ። ታውቀኛለህ።

ነገሩ ለአደን ልገዛልህ ያሰብኩት ቀስት ነው። የአመክሮ ሠራተኛዋ መጥታ ቤቱን አይታ ሄዳለች። ነሐሴ ላይ ከእስር ስትወጣ እኛ ጋ ማረፍ ትችላለህ። ጠመንጃ ግን አንተ መንካትህ ቀርቶ አንተ ባለህበት ቤት ውስጥ እንኳ መገኘት የለበትም አለች። በቀስት ማደን አልተከለከለም። እኔ ደስ ብሎኝ እራት ላይ ለዱዌን ስነግረው፣ የኔ ባል ሹካውን አስቀመጠና «የአባቴን ጠመንጃዎች አውጥቼ ሰክሮ ሲነዳ ሰው የገደለ ላስገባ?» አለኝ። ክፉ ሆኖ አይደለም። ያን የጠመንጃ መደርደሪያ በየእሑዱ የሚወለውለው እሱ ነው። ቃሉ ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ቢሆንም ቀስቱን ልገዛ ተነሳሁ። ቀስትህ ቤት ከገባ አንተም የገባህ ያህል መሰለኝ። ከአደጋው ቀን ወዲህ፣ አራት ዓመት ሙሉ፣ መሪ ጨብጬ አላውቅም፤ ሰው ሲጠይቀኝ በጉልበቴ አሳብባለሁ። ጎረቤታችንን ለምኜ አርደን ሱቅ አደረሰችኝ። አርደን የድሮውን የላም ማለቢያ ቤት የቀስት መሸጫ አድርጎታል፤ ላሞቹ ይቆሙበት የነበረው መተላለፊያ አሁን ዒላማ መለማመጃ ነው። ሽታው ግን አልለቀቀም።

ገና ስገባ ዓይኔ ያረፈው ጥቁሩና ፈጣኑ ላይ ነው፤ በሰባ ፓውንድ ጉልበት የሚሳበው። ለማን ነው አለኝ። ለወንድሜ፣ የመጀመሪያው ነው፣ አሁን እዚህ የለም አልኩት።

«እመቤቴ፣ ለሌለ ሰው ቀስት መግዛት ለጎረቤት ጥርስ እንደ ማስተከል ነው» ብሎ ሳቀብኝ።

እነዚህ ጫፍና ጫፋቸው ላይ መዘውር ያላቸው ቀስቶች እንደ ጠመንጃ ከእጅ ወደ እጅ አይዞሩም ለካ። ገመዱ የት ድረስ እንደሚሳብ በባለቤቱ ክንድ ልክ ይስተካከላል። እዚያ ሲደርስ ቆም ይልና ክብደቱን ይለቅልሃል። ከልክህ ቢረዝምም ቢያጥርም ትስታለህ። ሰባውን ፓውንድም እርሺው አለኝ። «ዛፍ ላይ ያለው የአደን ማማ ላይ ሦስት ሰዓት በብርድ ደርቆ ተቀምጦ፣ አጋዘኑ ከሥሩ ሲቆም ኮሽ ሳያደርግ መሳብ አለበት። ወደ ሰማይ ካላነሳው የማይሳብለት ቀስት የሱ አይደለም፤ የጉራው ነው።»

በማግስቱ በሩ ኋላ የተሰቀለውን የጂንስ ጃኬትህን ይዤ ተመለስኩ። ከሄድክ ጀምሮ ከዚያ አላነሳሁትም። አርደን ባንኮኒው ላይ እጅጌና እጅጌውን ወጥሮ ለካው፤ ለመዳፍህም ጨመረበት፤ አሰላና የገመድ መሳቢያህ ልክ ሠላሳ ኢንች ወጣ። ከአርባ አምስት እስከ ስልሳ ፓውንድ የሚስተካከል፣ ቡናማ፣ ቁመቱ ረዘም ያለ መረጠልህ። ፍጥነቱ ያንሳል፣ ስህተትን ግን ይታገሣል አለ። ይህችን አነጋገሩን ወደድኳት።

ከዚያ እስቲ ሞክሪው አለኝ። ክብደቱን ዝቅ አደረገልኝና ሳብኩት። ገመዱ ጆሮዬን አልፎም አልቆም አለ። አርደን እየሳቀ ተቀበለኝና፣ «ያንቺ ሃያ ስድስት ነው። በሰው ልክ የቆመ ሰው ከሩቅ ያስታውቃል፤ ልክ አይዋሽም» አለ።

ወንድሜ፣ የዚያን ቀን የመኪናው ወንበር ወደ መሪው እንዴት ተጠግቶ እንደነበር መጣብኝ። ፖሊሶቹ ያልለኩት አልነበረም፤ መንገዱን ለኩ፣ የጎማውን ምልክት ለኩ፣ ያንተን ትንፋሽ ለኩ። ወንበሩን ግን አንድም ሰው ልብ አላለውም፤ አንተ እንዲህ ረጅም ሆነህ። ጥፋቱን በራስህ ስትወስድ ልጆችሽን አስቢ ነበር ያልከኝ። ልጆቼ አድገው ከቤት ወጥተዋል።

አርብ ምሳ ላይ ለዱዌን መጀመሪያ የክንዴን ልክ ነገርኩት። ቀጥዬ ያንተን። ቀጥዬ የወንበሩን ነገር። ያስማልከኝን አፈረስኩ፤ ይቅር በለኝ። ዱዌን ተነሳና ሳህኑን ራሱ አጠበ፤ ሠላሳ ዓመት አጥቦ የማያውቅ ሰውዬ። ቅዳሜ ጠዋት መደርደሪያው ባዶ ነበር፤ ጠመንጃዎቹን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ወንድሙ ቤት አድርሷቸዋል።

እስካሁን ዓይኔን አያይም። የምናወራው ስለ ድርቆሽና ስለ ዳቦ ብቻ ነው። ሰኞ ግን ብቻውን አርደን ዘንድ ሄዶ፣ ማሳ ላይ እንደ ተተከለ የወፍ ማስፈራሪያ ክንዱን ዘርግቶ ተለክቶ መጣ። ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳዞረ «መስከረም ላይ ወንድምሽ ማማው ላይ ብቻውን አይወጣም» አለኝ።

ቀስትህ ጃኬትህ አጠገብ ተሰቅሏል። ባለፈው ወይዘሮ ሃልቨርሰንን ግሮሰሪ ውስጥ አገኘኋት። በዚያ አደጋ ባሏን ካጣች ወዲህ ከስታለች። «ወንድምሽ እንዴት ነው? እጸልይለታለሁ» አለችኝ። የሞላውን ጋሪ እዚያው ትቼ ወጣሁ። ስትወጣ፣ ከማማውም ከቀስቱም በፊት፣ መጀመሪያ የምንሄደው እሷ ቤት ነው። የምናገረው እኔ ነኝ፤ አንተ አጠገቤ ከቆምክልኝ ይበቃል። ይህን ደብዳቤ ካንተ ቀድሞ የሚከፍት ካለም፣ ያንብበው።

አራት ዓመት ያቆመህ አምላክ የቀረችህንም ወር በደህና ያሻግርህ። ጀርባህን ያቅናልህ፣ እጅህን ያጽናልህ።

የምትወጣ ቀን በሩ ላይ እኔን ታገኛለህ። መኪናውን የማመጣው እኔ ነኝ፤ ትናንት ግቢው ውስጥ ሁለት ዙር ዞርኩበት። ወንበሩን በልኬ አስጠግቼዋለሁ።

ታላቅ እህትህ